ያልፈረምኩበት ወጪ መጋራት

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ወረቀቱን ታውቁታላችሁ። ምዝገባ ላይ ተሰልፋችሁ የምትፈርሙት፣ ማንም እስከ መጨረሻው አንብቦት የማያውቅ የወጪ መጋራት ውል አለ። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረ አሠራር ነው። መንግሥት ለምግባችሁና ለመኝታችሁ ያወጣውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ሥራ ስትይዙ ትከፍላላችሁ። ያ እስኪከፈል ኦሪጅናል ዲግሪ የለም። እኔም በኢኮኖሚክስ ስመረቅ ዕዳዬ ተደምሮ ተነገረኝ፤ 22,000 ብር ገደማ።

የምረቃዬ ዕለት ማታ ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። እልልታውንና ምርቃቱን ከጨረሰች በኋላ ስለ ዕዳው እንደ ቀልድ ነገርኳት።

"ቀለብህንም ጽፈውብሃል?" አለች።

"እታለም ሙች፣ እያንዳንዷ ሽሮ ተመዝግባለች።"

ስቃ ስቃ ስታበቃ፣ "እሺ፣ የኔስ የት ተጻፈ?" አለችኝ።

ቀልድ ነበር። እኔም ስቄ ዘጋሁት። ግን ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ጥያቄው ከጆሮዬ አልወጣም። ዛሬ ይህቺን ሒሳብ ላወራርድ ነው። በገንዘብ ገና አልቻልኩም፤ ቢያንስ ልጻፈው።

የተወለድነው መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ያለች ገጠር። መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የጓሳ ጎረቤት። ብርዱን ያላየ ሰው ብነግረውም አያምነኝም። በጥቅምትና በኅዳር ውጪ ያደረ የጀሪካን ውሃ አፉ ላይ በረዶ ይሠራል።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከግሼዋ ራቤል እስከ ሞላሌ፣ ቆላ ሲወረድም እስከ መርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ድረስ፣ የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው አንድ ዓይነት ነው። ከተማው ዳር ላይ አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቱ ሄዶ የሳምንት ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል። ከአከራዩ ቤት ጀርባ የተደረደሩ ስድስት ሰባት ክፍሎች፣ ለሁሉም አንድ ሽንት ቤት፣ በየክፍሉ ሦስት አራት ልጅ። የከተማ ድህነት ሲባል ሁላችንም የምናስበው የአዲስ አበባን ጠባብ ሰፈሮች ነው። እነዚህን የተማሪ ክፍሎች ግን ማንም ድሃ ሰፈር ብሎ አይጠራቸውም፤ "ልጆቹ እየተማሩ ነው" ይባላል፣ አለቀ።

እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። በ2005 እሷ ዘጠነኛ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ሆነን አንዲት ክፍል አብረን ተከራየን። አባታችን ኪራዩን ሲከፍል ያለው ትዝ ይለኛል፤ "አንቺ ስላለሽ እሱ አይቸገርም።" ለኔ የተመደበችልኝ እሷ ነች። ለእሷ የተመደበላት ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ያን ጊዜ እኔም አልጠየቅኩም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች። ጋቢዋን ተከናንባ ቦኖ ትሄዳለች፤ ወረፋው ካልረዘመ በአንድ ሰዓት ትመለሳለች፣ ከረዘመ በሁለት። ኩበት ታቀጣጥላለች። እኛ አገር እንጨት ብርቅ ነው፤ የኩበት ጭስ ደግሞ ዓይን አይምርም። ሻይ ስታፈላ እኔ ከበናዬ ሥር እነሳለሁ። ቂጣና ሻይ ጠጥቼ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እሷ ዕቃ ታጥባለች፤ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ሁሌ ደውል ከተደወለ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እኔ ኳስ፣ እሷ ልብስ አጠባ። ማታ ሽሮ፣ በየሦስት ቀኑ እንጀራ። መብራት ካለ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደብተሯን ትከፍታለች። ገጹን ሳትገልጠው እንቅልፍ ይዟት ይሄድ ነበር። እኔም እስቅባት ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አከራያችንም ነበሩ፤ እማማ ነው የምንላቸው፤ ክፉ ሴት አይደሉም። "አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ እንጀራውን አገላብጭልኝ" ይላሉ። ገብስ መውቀጡም ቡና ማፍላቱም የእሷ ነው። ከወሩ ኪራይ ላይ 30 ብር ቀነሱልን፤ "እህትህ ስለምታግዘኝ" አሉኝ። ቅናሹን ለአባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። አባቴም ያመሰገነው እኔን ነው።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ማታም ክፍት ነበር። ለኔ ነዋ! የምንከራይበት ሰፈር መንገዱ ጨለማ ነው፤ ጥጉ ላይ የሚቆሙ ጎረምሶችን ሁሉም ሴት ተማሪ ታውቃቸዋለች። አንድ ቀን ሻርፗን ቀምተው አስለቀሷት። የተወሰደው እርምጃ ምን መሰላችሁ? እሷ ማታ መውጣት አቆመች። ጎረምሶቹ እዚያው ቆሙ።

በየወሩ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር። ሰነፍ ነች ብዬ ለእናቴ ተናግሬባታለሁ። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውሃም መዝጊያም እንደሌለው፣ ሞዴስ መግዣ ብርም እንደሌላት የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሴት የክፍል ጓደኞች ካፈራሁ በኋላ ነው።

ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው መጥፎ ልማድ አለው፤ ሁሉንም ነገር ይደምራል። እኔ ነፃ ሆኜ እሷ የምትሠራበት ጊዜ በትንሹ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። የትምህርት ቀኖችን ብቻ ብወስድ፣ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 40 ሳምንት፣ 700 ሰዓት ይመጣል። በሁለት ዓመት 1,400። አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው በቀን አምስት ሰዓት፣ በዓመት 200 ቀን ቢሆን 1,000 ሰዓት ነው። እህቴ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ኪራይ፣ ከአንድ ስንቅ እየበላን፣ የአንድ ዓመት ተኩል ያህል የክፍል ጊዜ ከኔ ኋላ ቀረች። ማንም አልመታትም፤ "ሴት ስለሆንሽ አትማሪም" ያላትም የለም። እንዲያውም ቤታችን ሴት ልጅ በማስተማሩ በሰፈሩ ይወደስ ነበር።

ለነገሩ ውዳሴው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውስጥ ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያሉ የሀገራችን ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ዓመት ነው፤ የወንዶቹ 23.7። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ እህቴን ግን በ15 ዓመቷ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። አባቴ "ትምህርቷን ትጨርስ" ብሎ መለሳቸው። ይህን ውለታ ልክድበት አልችልም። ያቺ የጭቃ ክፍል ከጋብቻ ያመለጠችባት ናት።

በ2006 የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ተፈተነች። ያን ጊዜ ወደ መሰናዶ ለመግባት የሴቶች መቁረጫ ነጥብ ከወንዶች ዝቅ ይል ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች ላለፈው በደል ማካካሻ የሚሆን ልዩ ድጋፍ እንደሚገባቸው ይናገራል፤ ነጥቡም ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው። ወንዶች ተማሪዎች ሁሌ ያማርሩበታል፤ እኔም አማርሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን የሚያስተዛዝበው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ውሃ ስትቀዳ እንደኖረች መንግሥት ያውቃል ማለት ነው፤ ቦኖውን ከማቅረብ ይልቅ ነጥቡን ዝቅ ማድረግ ቀለለው። እህቴ ዝቅ ያለችውን ነጥብም በጥቂት ሳተቻት።

ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ተፈተንኩና አለፍኩ። "ጎበዝ ልጅ" ተባልኩ።

ውጤቷ በመጣ በወሩ እህቴ አዲስ አበባ ገባች፤ ላምበረት መናኸሪያ፣ በአንዲት የአገራችን ልጅ በኩል ደላላ ዘንድ፣ ከዚያ ሰው ቤት። ተያዥ የሆነላት የሩቅ ዘመዳችን ነው። የመጀመሪያ ደመወዟ 600 ብር ነበር። የሚያስቀው፣ ሥራው ምንም አዲስ ነገር አልነበረውም። መሐል ሜዳ ላይ የምትሠራውን ነው አዲስ አበባ ላይ የሠራችው፤ ማብሰል፣ ማጠብ፣ መንጠፍ፣ በሌሊት መነሳት። መሐል ሜዳ ላይ ግን "ሥራ" አይባልም ነበር።

አንደኛ ዓመት ላይ መምህራችን የእንግሊዛዊውን ኢኮኖሚስት የአርተር ፒጉን የቆየ ምሳሌ ነግሮን ነበር። አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባት የሀገር ገቢ ይቀንሳል፤ ሥራው ያው ነው፣ ደመወዙ ግን ይቀራል። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። የኔ እህት ከዚያ ሚስት በተቃራኒው ነው የሄደችው። ውሃ የቀዳችልኝ ሁለት ዓመት በየትኛውም የሀገር ሒሳብ ውስጥ የለም፤ 600 ብር ሲከፈላት ግን ቢያንስ እንደ ሠራተኛ ተቆጠረች።

ቆይ፣ በሕግስ ተቆጠረች? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ከፍታችሁ አንቀጽ 3ን እዩት። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅም እንዲሁ ነበር። በቀላል አማርኛ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታበስል ልጅ በዚህ አዋጅ ዓይን ሠራተኛ አይደለችም። የስምንት ሰዓቱ ገደብ፣ የሳምንት ዕረፍቱ፣ የወሊድ ፈቃዱ ለሌሎች ነው። ለእሷ ያለው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የተጻፉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። "ገረድ" የሚለው ቃል ነውር ሆነና "ሠራተኛ" ተባለ፤ አሁን ደግሞ "የቤት አጋዥ" እየተባለ ነው። ስሙ ሁለት ጊዜ ሲቀየር የመኝታ ሰዓቷ አልተቀየረም። እህቴ በመጀመሪያው ቤት ሁለት ዓመት ስትኖር በስሟ የጠሯት የቤቱ ትንሽ ልጅ ብቻ ነበር። ለሌላው "ልጅቷ" ነበረች።

የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር። ስንት የቤት ሠራተኛ ነች በየሰፈሩ ማታ ማታ ደብተሯን በፌስታል ይዛ የምትሮጠው! አሠሪዋ "እራት ካቀረብሽ በኋላ ሂጂ" ብላ ፈቅዳላት ነበር። ከዚያ ቤቱ ሕፃን ተወለደ፤ ፈቃዱም በዚያው ቀረ። ማንም "አቁሚ" አላላትም፤ እንግዲህ ሕፃን ሲያለቅስ ጥሎ መሄድ አይሆን። የመሐል ሜዳው ነገር በሌላ መልክ መጣ።

ከ600 ብሯ 250ው ወደኔ ይመጣ ነበር። ኪራዬ፣ ሳሙናዬ፣ ደብተሬ። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በዓመት አሥር ወር፣ ድምሩ 10,000 ብር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደመወዟ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለነበር 400 አደረገችው፤ በአራት ዓመት 16,000። አጠቃላይ 26,000 ብር። መንግሥት ከሚጠይቀኝ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ የ2007ቷ ብርና የዛሬዋ ብር አንድ አይደሉም፤ ወለድም አላሰብኩም። 1,400ው ሰዓትማ በምን ዋጋ ይሰላል?

ይህ የኔ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር። ዶርም ውስጥ ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛ የመርሐቤቴ ልጅ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ስናወራ ከየት ብር እንደሚላክልን ተጠያየቅን። የእሱ እህት ቤይሩት ነች። ከሁለት አልጋ ራቅ ብሎ የነበረው የጎጃም ልጅ ጨለማው ውስጥ፣ "የኔዋ ጅዳ" አለ። ከዚያ ማንም አልተናገረም።

ክረምት አገር ቤት ስገባ እናቴን ሳያት ነገሩ ከየት እንደሚጀምር ገባኝ። የመንዝ በግ ፀጉር የምታውቁት በበናና በዝተት ይሆናል። በቤታችን የበጉን ፀጉር አጥባ፣ አባዝታ፣ ክረምቱን ሙሉ የምትፈትለው እናቴ ነች፤ በናውን የሚሠራው ሸማኔ ነው፤ ገበያ ወስዶ የሚሸጠው አባቴ። ለሸማኔው ይከፈላል። ለፈትሉ ይከፈል ቢባል ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ይሄ ሁሉ ሲሆን እናቴ መብት የሌላት ሴት አይደለችም። በድሮው የርስት ሥርዓት እንኳ በእኛ አገር መሬት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅ ባለርስት ነበረች። ዛሬ ደግሞ በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የእናቴ ስምና ፎቶ ከአባቴ ጎን አለ። በወረቀት ላይ ተቆጥራለች፤ በሰዓት ግን አልተቆጠረችም። እሷም ለእህቴ ያወረሰችው ይህንኑ ነው። ልወቅሳት አልችልም፤ ሌላ የምታወርሰው አልነበራትም።

"ለምን ፋብሪካ አትገባም?" የሚል ሰው አይጠፋም። ገብታ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ እሷም ጓደኞቿም ለአገራቸው መቅረቡን ወደውት ነበር፤ ከመካከላቸው ሦስቱ እዚያው ከተማ ካለ አንድ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ኪራይና ምግብ ሲነሳ ለቤት የሚላክ አልተረፈም። ለግል ድርጅቶች የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል በሀገራችን የለም። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ላይ 1,000 ገደማ አመልካቾችን ይዘው ባደረጉት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት መካከል ከሦስት አራተኛ በላይ በዓመቱ ውስጥ ለቅቀዋል። እህቴም ሰባት ወር ሠርታ ተመለሰች። በ2014 ታኅሣሥ ሀገራችን ከአሜሪካው የአጎዋ የገበያ ዕድል ስትወጣ፣ "እንኳንም ቀድሜ ወጣሁ" አለችኝ።

አሁን ተመላላሽ ሆናለች። ሁለት ቤት ትሠራለች፤ ማታ ወደ ራሷ ኪራይ ቤት ትገባለች። ሦስት ሴቶች ናቸው የሚኖሩት፣ ሁሉም የአገራችን ልጆች። ቤቷ ስሄድ የመጀመሪያው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አልጋው ላይ አስቀምጣኝ ቡና ታፈላለች። "እኔ ላፍላ" ስላት እንደ ዕብድ ታየኛለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሠራሁትን ነገር በአንድ ጽሑፍ አልማረውም መሰለኝ፤ ባለፈው ጀበናውን ገነፈልኩባት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ታናሽ እህት አለችን። በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሲከፈቱ እሷም ጊዜዋን አጥታ፣ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። መሐል ሜዳ ከአጎታችን ልጅ ጋር፣ ዕድሜ እኩያዋ ነው፣ አንዲት ክፍል ተከራይተውላቸዋል። ፈተናው ደግሞ እንደኛ ጊዜ አይደለም። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 674,823 ተማሪዎች የማለፊያውን ግማሽ ያመጡት 36,409 ናቸው፤ 5.4 በመቶ። በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል እየተቀነሰባት እዚያ ውስጥ ትገባለች ብሎ የሚወራረድ ካለ እኔ አይደለሁም።

ነሐሴ ላይ ቤት ተሰብስበን ስለ ኪራዩ ሲወራ አባቴ ያንኑ የድሮ ቃሉን ደገመው፤ "እሷ ስላለች እሱ አይቸገርም።" የታላቅ እህቴ ድምፅ በስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ትንሽ ዝም አለችና፣

"አባባ፣ የሁለቱንም ኪራይ እኔ እከፍላለሁ" አለች።

"ተባረኪ ልጄ።"

"ግን ውሃውን እሱ ይቅዳ። እንጀራውን በተራ ይጋግሩ። እሱ ካልቀዳ ብሩ በወሩ ይቆማል።"

ቤቱ ፀጥ አለ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። አባቴ፣ "ወንድ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ቦኖ? ከሴት ጋር ተሰልፎ? አገር ምን ይላል?" አለ። እህቴ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "አባባ፣ አገር ኪራይ አይከፍልም" አለችው። እናቴ እንዝርቷን እያሾረች፣ ቀና ሳትል፣ "ያለችው ይሁን" አለች። እናቴ በአባቴ ፊት ነገር ስትቆርጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሜክሲኮ በፈረንጆቹ 1997 ፕሮግሬሳ የሚባል ፕሮግራም ጀምራ ነበር፤ ቤተሰብ ልጁን ትምህርት ቤት ከላከ ብር ይሰጠዋል፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለሴት ልጅ ክፍያው ከፍ ይላል። የዓለም ኢኮኖሚስቶች ስንት ወረቀት ጻፉበት። የእህቴ ግን ለኔ ይበልጥብኛል፤ እሷ ቅድመ ሁኔታዋን ያስቀመጠችው ጀሪካኑ ላይ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት መላኳን ማንም ያያል፤ ከመሄዷ በፊት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የት እንደነበረች ግን የሚያውቀው የኖረበት ነው።

ብሩ በየወሩ በቴሌብር ይሄዳል። መስከረም ላይ ልጁ ሦስት ቀን ሄዶ ቀረ፤ ጓደኞቹ "ውሃ ቀጂው" እያሉ አላገጡበት። እህቴ የጥቅምትን ኪራይ ያዘች። አጎቴ ደወለ፤ አባቴም ደወለ። አልላከችም። በአሥረኛው ቀን አከራያቸው ደወሉላትና፣ "ኧረ ልጁ ጀመረ፣ ላኪልኝ" አሏት። ላከች። አሁንም አንዳንድ ቀን ይለግማል አሉ፤ እንጀራውም ገና ነው፣ ቂጣ ላይ ደርሷል። እኔም ከዚህ ወር ጀምሮ ግማሹን ኪራይ ይዣለሁ፤ "ቅድመ ሁኔታው ግን የኔ ነው" ብላኛለች ታላቅየዋ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለትንሿ ደወልኩላት። እንደነቃች ድምፅዋ ይናገራል።

"እሱስ?" አልኳት።

"ቦኖ ነው፤ ወረፋው ረዝሞበት ይሆናል።"

"አንቺስ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ፊዚክስ ፈተና አለብን ወንድምዬ። በኋላ ደውል።" ዘጋችብኝ።